የተዘለለው ጥያቄ

«የእሳቸውን ጢም እየላጨሁ አንድ ዙር እንለማመድ» አለ አባቷ፣ ወንበር ላይ የተቀመጡትን ደንበኛ እያሳየ፣ ምላጩን በፎጣ እየጠረገ።

ልጅቷ ፀጉር ቤቱን ጠርጋ፣ ባዶው ወንበር ላይ ተቀምጣ ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ ትምህርት ቤቷ ኮሌጅ ሊገቡ የተቃረቡ ልጆችን ከነአባቶቻቸው ያዘጋጃል። የዚህ ሳምንት የቤት ሥራ አባት ስለ ኮሌጅ ትምህርቷ የተሰጡትን ጥያቄዎች እንዲጠይቅ፣ ልጅ እንድትመልስ ነው። መምህሯ አባቶቹን «ጠይቁና ዝም በሉ» ብላቸዋለች። ለፀጉር አስተካካይ ከዚህ የከፋ ቅጣት የለም።

«ዶክተሯ፣ ደም ግፊቴን መቼ ነው የምታይልኝ?» አሉ ሽማግሌው ታክሲ ነጂ፣ አገጫቸው በአረፋ እንደተሸፈነ።

«ሙድ መያዝ ጀመሩ፣ ጋሼ?»

ሰፈሩ ሁሉ የሚጠራት እንዲያ ነው። ስሙን ያወጣላት አባቷ ነው፤ ለመጣ ለሄደው ደንበኛ «የኔ ዶክተር» ሲል ውሎ ያመሻል።

«እሺ» አለ ጉሮሮውን ጠርጎ። «ሕክምና ማጥናት ለምን ፈለግሽ?»

መልሱን ሸምድዳዋለች። አፏን ከፈተች፤ ልቧ ግን እሺ አላላትም። እሷ የምትፈልገው ሂሳብ ማስተማር ነው። የጎረቤት ልጆችን ስታስጠና፣ ክፍልፋይ ያስለቀሰው ልጅ ድንገት «አሃ» ሲላት የሚሰማትን ደስታ ለማንም አልነገረችም። ዛሬ ዋሽታ ብታልፍ፣ ቅዳሜ መምህሯ ፊት ትደግመዋለች። ከዚያ ምዝገባ ይመጣል። ከዚያ በኋላማ ማን ይመልሳታል?

«ምነው፣ ከበደሽ እንዴ?»

«አባዬ፣ የመጀመሪያውን ጥያቄ ዘለልከው።»

«የቱን?»

«ምን ማጥናት ትፈልጊያለሽ የሚለውን።»

«እሱማ የታወቀ ነው» ብሎ ሳቀ።

እሷ አልሳቀችም። በመስታወቱ ውስጥ አየችው። ሳቁ ቀስ እያለ ከፊቱ ጠፋ፤ ምላጩም ባለበት ቆመ።

«ወንድሜ» አሉ ታክሲ ነጂው ከንፈራቸውን ሳያንቀሳቅሱ፣ «መደንገጥህ ካልቀረ፣ መጀመሪያ ከጉሮሮዬ ላይ ውረድ።»

አባቷ ምላጩን መደርደሪያው ላይ አስቀመጠ። ሊናገር አፉን ከፈተና የመምህሯ ትእዛዝ ትዝ ብሎት መልሶ ገጠመው። ፎጣውን አጠፈ፣ ዘረጋ፣ እንደገና አጠፈ።

«ምን ማጥናት ትፈልጊያለሽ?» አለ በመጨረሻ፣ ቀስ ብሎ።

ልጅቷ እግሯን ወለሉ ላይ ተክላ ወንበሩን አሽከረከረችው። መስታወቱ ከጀርባዋ ሆነ፣ አባቷ ከፊቷ።