ውሃ የተከለከለ ሣር

«ይኼ ሣር እኮ መሞት ነበረበት» አሉ ዶክተር ደምመላሽ እየሳቁ። ከሦስተኛው መስመር አንዱን ጣሳ አንስተው ሁሉም እንዲያየው ከፍ አደረጉት። ሣሩ ጫፉ ትንሽ ቢገረጣም አረንጓዴ ነው። ጥላ ሥር የተሰበሰቡት የባዮሎጂ ትምህርት ክፍል መምህራን አጨበጨቡ። ጭብጨባው ለእድላዊት ነበር።

ሸጊቱም ከኋላ ቆማ አጨበጨበች፤ ልቧ ግን አብሯት አልነበረም። የሰመራ ሙቀት ያፈዘዛት የመሰለው ካለ ተሳስቷል፤ የአዋሽ ልጅ በሙቀት አትታማም። ያፈዘዛት ሣሩ ለምን እንዳልሞተ ማወቋ ነው።

ሸጊቱ አሥራ አንደኛ ክፍልን እንደጨረሰች ነው ከአዋሽ የመጣችው። አባቷ እዚያ የጅቡቲ መስመር ከባድ መኪኖች የሚጠገኑበት ጋራዥ ውስጥ በያጅ ነው። የሰመራው ኮሌጅ ባዮሎጂ ትምህርት ክፍል በየክረምቱ ጥቂት የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎችን በፈተና እየተቀበለ ከአንድ አጥኚ ጋር ያሠራል። በደንብ ሠርቶ የጨረሰ ልጅ ወደፊት ኮሌጁን ሲቀላቀል፣ ሌሎቹ እስከ ሦስተኛ ዓመት የሚጠብቁትን የምርምር ቤተ ሙከራ ገና ከመጀመሪያው ዓመት ይገባበታል። ሸጊቱ በትምህርት ቤቷ ያየችው ማይክሮስኮፕ አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ቁልፉ በጠፋ ቁም ሳጥን ውስጥ ሆኖ በመስታወት። ይህን ዕድል እንደ እሷ የፈለገው ሰው ያለ አይመስላትም።

የደረሳት የእድላዊት ጥናት ነበር። እድላዊት የመመረቂያ ጥናቷን የምትሠራ፣ ስትቸኩል ነጠላ ጫማዋን ግራና ቀኝ አቀያይራ የምታደርግ ልጅ ናት። ከአፋምቦ ያመጣችው የመኖ ሣር ድርቅን ምን ያህል እንደሚችል ለማወቅ በሦስት መስመር በተደረደሩ ጣሳዎች ዘርታዋለች። የመጀመሪያው መስመር በየቀኑ ውሃ ይጠጣል፤ ሁለተኛው በሳምንት አንዴ። ሦስተኛው ከበቀለ በኋላ ጠብታም አያገኝም።

«የነዚህን ነገር እስኪሞቱ ማየት ነው ሥራችን» ብላት ነበር እድላዊት። «ያሳዝናሉ፣ ግን እንዳትነኪያቸው።»

አልነካቻቸውም። የነኳቸው ጋሼ አህመዲን ናቸው።

ጋሼ አህመዲን የግቢው ጥበቃ ናቸው። ሸጊቱ በመጣችበት ሳምንት፣ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ለአስር ሶላት ውዱእ ሊያደርጉ ፕላስቲክ ማንቆርቆሪያቸውን ይዘው መጡና ሦስተኛው መስመር አጠገብ ቆም አሉ።

«ልጄ፣ እዚህ ላይ ብታጠብ ችግር አለው?» አሉ በጣሳዎቹ ውስጥ የጠወለገውን ሣር እያሳዩ። «መሬት ላይ ከሚባክን የጠማው ይጠጣው። ሰደቃ ነው።»

ችግር አለው ማለት ብቻ ነበር የሚጠበቅባት። ግን ለእንግዳዋ ልጅ ወንበራቸውን የለቀቁ ሽማግሌ፣ ያውም ለሶላት ሊታጠቡ ሲሉ፣ በምን አፏ ትከልክላቸው? ይሉኝታ አንደበቷን ያዘው። «ኧረ ችግር የለውም፣ ጋሼ» አለች። አንድ ቀን ነው፣ ምን ያመጣል ብላ ራሷን አጽናናች።

አንድ ቀን አልሆነም። ፈቃድ ያገኙት ሽማግሌ በየቀኑ ከሰዓት አንዱን ጣሳ ከአንዱ ሳያበላልጡ መስመሩን ተከትለው ይታጠባሉ። እድላዊት የምትመጣው ጠዋት ጠዋት ነው፤ እስከዚያ ነፋሱና ፀሐዩ የአፈሩን ፊት አድርቀው ይጠብቋታል። ሸጊቱ በየቀኑ «ዛሬስ እነግራቸዋለሁ» ትላለች። በየቀኑም የትናንቱ ዝምታ የዛሬውን እያከበደባት ትመለሳለች።

መምህራኑ ሲበተኑ እድላዊት ሮጣ መጥታ አቀፈቻት። «ዘሩን ነገ ወደ ጭፍራ ልንወስደው ነው። ዶክተር እዚያ ያሉ አርብቶ አደሮችን አናግረዋል፤ ዝናቡ ሳያልፍ ይዘሩታል። ጥናቱ ላይ ደግሞ ስምሽ ከስሜ ሥር ይጻፋል፣ ሸጊዬ።»

ሸጊቱ እንኳን ደስ አለሽ አለቻት።

ወደ አክስቷ ቤት ስትመለስ ጁነዲን አብሯት ነበር። እሱም የክረምቱ ተማሪ ነው፤ የወባ ትንኝ እጭ ከሚያጠኑት ጋር ነው የተመደበው። ነገሩን ሁሉ ነገረችው።

«አቦ ላሽ በይው» አለ ጁነዲን። «ማን ያውቃል? ከተናገርሽ ልጅቷ ልፋቷ ገደል ይገባል፣ አንቺ ትባረሪያለሽ፣ ሽማግሌውም ከሥራ ይወጣሉ። ሦስት ሰው ነው የምትበይው።»

«የጭፍራዎቹስ?»

«ሊበቅልላቸው ይችላል እኮ።»

«ዝናቡ ቢቀርስ? ያለ ውሃ ይኖራል ተብለው ነው የሚዘሩት። ፍየሎቻቸውን በሱ ተማምነው ቢቀመጡስ?»

ጁነዲን መንገዱ ላይ ያገኘውን ጠጠር እየለጋ ሄደ።

በማግስቱ ጠዋት ጋሼ አህመዲን በሩ ላይ ጠበቋት። «ሣሩ ተጨበጨበለት አሉኝ» አሉ ፊታቸው በርቶ። «አልሃምዱሊላህ። ሰደቃ የትም አይወድቅም፣ ልጄ።»

ሸጊቱ ዓይናቸውን ማየት አቃታት። ከሁሉም የሚቆጫት እኚህ ሰው መጠየቃቸው ነው። ሳይጠይቁ አድርገውት ቢሆን ቢያንስ ጥፋቱን የሚካፈላት ይኖር ነበር። ጠይቀው ነው ያደረጉት፤ ያውም ጥያቄያቸው ትክክል ነበር፤ የተበላሸው መልሱ ነው።

የኮሌጁ ፒካፕ ሊወጣ ተዘጋጅቷል። እድላዊት ብቻዋን የዘር ከረጢት ልታነሳ ጎንበስ ብላለች።

«እድልዬ፣ አትጫኚው።»

«ምነው?»

«ሦስተኛው መስመር ውሃ ጠጥቷል።»

እድላዊት ከረጢቱን ሳትለቅ ቀና አለች። «ማን አጠጣው?»

«ጋሼ አህመዲን ውዱእ ሲያደርጉበት ነበር። ግን መጀመሪያ ጠይቀውኛል። ችግር የለውም ያልኳቸው እኔ ነኝ።»

«መቼ?»

«በመጣሁ ሳምንት። ከዚያ በኋላ በየቀኑ።»

እድላዊት ከረጢቱን ለቀቀችውና ላዩ ላይ ተቀመጠች። ብትጮህባት ለሸጊቱ ይቀላት ነበር። አልጮኸችም።

«ያን ቀን ብትነግሪኝ እኮ ጥቂት ጣሳ ቀይረን እንቀጥል ነበር» አለች ቀስ ብላ። «አሁን ጊዜው አልቋል። መመረቄ ለከርሞ ነው።»

«አፍሬ ነው።»

«እኔን?»

«እሳቸውን።»

እድላዊት ዓይኗን በክንዷ ጠረገች። ከዚያ ተነሳችና፣ «በቃ ወደ ቤትሽ ሂጂ» አለች ሳታያት። «አንቺ ልጅ ነሽ። ለዶክተር እኔ እነግራቸዋለሁ። ጥበቃው አጠጥተውት ነው እላቸዋለሁ።» ይህን ብላ ወደ ቢሮዎቹ መንገድ ጀመረች።

ሸጊቱ ከረጢቶቹ አጠገብ ብቻዋን ቀረች። የግቢው በር ክፍት ነው። ብትሄድ የሚከለክላት የለም፤ ጥፋቱ የጋሼ አህመዲን ብቻ ይሆናል፤ የእሷ ስም አይነሳም፤ ምናልባት ያ ቤተ ሙከራም ይጠብቃት ይሆናል። እድላዊት ይህን ያለቻት ለእሷ አዝና መሆኑን ታውቃለች፤ ማወቋ ይብስ አሳፈራት።

ተከተለቻት። መጀመሪያ በእርምጃ፣ ኋላ በሩጫ። የዶክተር ደምመላሽ ቢሮ ጋ ስትደርስ እድላዊትን ቀድማ በሩን አንኳኳች።