ሠላሳ ያልታተሙ ወረቀቶች

ከጠዋቱ አራት ሰዓት ገደማ በአንጎል ሕክምና ማዕከሉ ሁለተኛ ፎቅ የመዶሻ ድምፅ ተሰማ። መጀመሪያ ላይ ማንም ነገሬ አላለውም። ሕሙማኑ እጃቸውን የሚያፍታቱበት የእንጨት ሥራ ክፍል እዚያው ፎቅ ላይ ስለነበር የሁሉም ጆሮ ለምዶታል። ዋና ነርሷ ግን ድምፁ ከኮሪደሩ እንደሚመጣ ልብ ብላ ወጣች።

አናጢው አግዳሚው ወንበር ሥር ተንበርክኮ አንዲት ምስማር ይመታል። ምስማሯ ከገባች ቆይታለች፤ እሱ ግን አላቆመም። በያዘው መዶሻ ጫፍ ላይ ደም ነበር። ነርሷ የእሱን እጅ አገላብጣ አየች፤ ቁስል የለውም። ዞር ስትል የትልቁ ዶክተር ቢሮ በር ገርበብ ብሏል። ገባች። ማዕከሉን ያቋቋሙትና ሃያ ዓመት የመሩት ሰው በጠረጴዛቸው ላይ በግንባራቸው ተደፍተዋል፤ ማጅራታቸው ላይ ተመትተው ሕይወታቸው አልፏል።

መርማሪዋ ስትደርስ አናጢው በካቴና ታስሮ፣ ሰዉም ፍርዱን ሰጥቶ ጨርሶ ነበር። ይህችን ሴት ባልደረቦቿ «መርፌ» ይሏታል። ቅጥነቷን አይተው ነው የሚሉ አሉ፤ አብሯት የሠራ ሰው ግን ስሙ ከምን እንደመጣ አይጠፋውም። ገና ደረጃውን ሳትጨርስ አለቃዋ ደወሉላት። ባለፈው ሳምንት ይኸው በሽተኛ ዶክተሩን ገፍትሮ መጣሉን፣ መዶሻው በእጁ መገኘቱን፣ «እኔ ነኝ የመታሁት» ማለቱን ነገሯትና እስከ ምሳ ሰዓት ፋይሉን እንድትዘጋ አዘዙ።

«ጌታዬ፣ የሚዘጋ ሰው ከፈለጉ ሌላ ይላኩ» አለች። «እኔ ገና ልከፍተው ነው።»

ስልኩን ዘግታ ወደ ቢሮው ገባች። ቢሮው ሁለት ክፍል ነው። ወደ ዶክተሩ ለመድረስ በጸሐፊዋ ክፍል ማለፍ ግድ ይላል፤ መተላለፊያው ጠባብ ስለሆነ የጸሐፊዋን ጠረጴዛ ሳይታከኩ ማለፍ አይቻልም። ጠረጴዛው ላይ ሠላሳ የቀጠሮ ቅጾች ተደርድረዋል፤ ከጎናቸው ክብ ማኅተምና ክዳኑ የተከፈተ የማኅተም ቀለም አለ። ከቅጾቹ አንዱም አልታተመም። በውስጠኛው ክፍል ደግሞ ከዶክተሩ ክንድ ሥር የነርሶች የቀን መዝገቦች ተከምረዋል። ከላይ ያለው የተገለጠው አናጢው በሚጠቀስበት ገጽ ላይ ነው፤ በኅዳጉ በዶክተሩ እጅ «ይህ መሻል ነው?» ተብሎ ተጽፏል። መርማሪዋ ሁሉንም ፎቶ አነሳች፤ የሠላሳውንም ቅጾች፣ አንድ በአንድ።

መጀመሪያ ያነጋገረችው ዋና ነርሷን ነው። አናጢው ከሦስት ዓመት በፊት ከመወጣጫ ወድቆ ግንባሩን መመታቱን፣ ንግግሩና ቀልዱ እንዳለ ሆኖ አንድ ነገር ብቻ እንደጎደለው ነገረቻት። ያየውን ሳይጠቀምበት አያልፍም። ማበጠሪያ ካየ ያበጥራል፤ መነጽር ብታስቀምጪለት በመነጽሩ ላይ ይደርበዋል። ዶክተሩን የገፈተረውም በር ሊከፍት ሲሄድ መንገድ ላይ ስለቆሙበት ነው።

«ማኅተምስ?» አለች መርማሪዋ።

ነርሷ መሳቢያዋን ከፍታ አንድ ወረቀት አወጣች። ባለፈው ዓመት ማኅተሙ እጁ ገብቶ ነበር። ወረቀቱ ከዳር እስከ ዳር በማኅተም ተሞልቷል፤ ክቦቹ ግን በክር የተለኩ ይመስል እንደ ወለል ንጣፍ ቀጥ ብለው ተሰልፈዋል። ከሥሩ ሌሎች አምስት ወረቀቶች ነበሩ፤ አንዳቸውንም አልነካም። ቀለሙ እስኪያልቅ ያቺኑ አንዷን ብቻ ሲያትም ውሏል።

«ከዚያ ቀን ወዲህ ማኅተሙ ተቆልፎበት ነው የሚውለው» አለች ነርሷ። «ዛሬ ብቻ ነው የተረሳው።»

መርማሪዋ ወረቀቱን ተቀብላ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። ሰኞ ዕለት ነርሷና ዶክተሩ ሲጨቃጨቁ መሰማታቸውንም አንስታ ጠየቀቻት። ነርሷ አልካደችም። መዝገቦቹን እንዲያነቡ ስትጎተጉታቸው ወር ሆኗታል፤ ሰኞ ግን ድምጿን ከፍ አድርጋ ተናገረች። እሳቸውም በመጨረሻ እሺ ብለው ወሰዷቸው።

ጸሐፊዋ ከእንባዋ ጋር እየታገለች የነገረችው አጭር ነው። ዶክተሩ በሌላ ሊተኳት መሆናቸውን ሰምታ ጠዋት ልቧ ተሸብሮ ነበር፤ ሦስት ተኩል ላይ ደብዳቤ ልታባዛ ምድር ቤት ስትወርድ ማኅተሙን ሳትቆልፍ ሄደች። የማባዣው ሠራተኛ እስከ አራት ከሩብ አብራው እንደነበረች መሰከረ።

ከዚያ የአናጢው ታላቅ እህት መጣች፤ ልብስ ሰፊ ናት፣ የመለኪያው ሜትር አንገቷ ላይ እንደተንጠለጠለ ነበር የደረሰችው። በሩ ላይ የቆመው ፖሊስ ሊያስቆማት ቢሞክር በክንዷ ገለል አድርጋው ገባች።

«እብድ ስትሉት ችዬ ኖሬአለሁ» አለች። «ነፍሰ ገዳይ ስትሉት ግን አልችልም። እኔንም አብራችሁ እሰሩኝና ቁርጡን ልወቅ።»

መርማሪዋ ወንበር ስባ ከአናጢው ፊት ተቀመጠች።

«ይህን ሕንጻ የሠራኸው አንተ ነህ?»

«እኔ ነኝ የሠራሁት» አለ ፈገግ ብሎ።

«ትናንት ዝናቡን ያዘነብከውስ?»

«እኔ ነኝ ያዘነብኩት።»

«ዶክተሩን የመታኋቸው እኔ ነኝ?»

«አንቺ ነሽ የመታሻቸው።»

ጥግ ላይ የቆመው ፖሊስ ሳቁን በሳል ሸፈነ። መርማሪዋ ግን አልሳቀችም፤ መዶሻውን ማን እንደሰጠው ጠየቀችው። አናጢው እጁን ዘርግቶ ባዶ መዳፉን አየ። «መጣልኝ» አለ። ከዚህ ሌላ ቃል አልተገኘም።

የመጨረሻው ሰው ምክትል ዶክተሩ ነው። በአርባዎቹ የሚገኝ፣ ንግግሩ የተለካ ሰው ነው። የለበሰው ነጭ ጋዋን የማጠፊያው መስመር እንኳ አልለቀቀም፤ ሌሎቹ ሐኪሞች ሁሉ ግን ሰኞ የለበሱትን በቀለምና በመድኃኒት የቆሸሸ ጋዋን ነበር የለበሱት። ጠዋት ብቻውን በክፍሉ ውስጥ ሲጽፍ እንደነበር ተናገረ። በጭንቅላት ላይ በሚደረግ ደካማ የኤሌክትሪክ ንዝረት ራስን የመግታት ችሎታን የሚመልስ ሕክምና የቀመረው እሱ ነው፤ ውጤቱ በመጪው ወር በዓለም ፊት ይቀርባል።

መርማሪዋ የአናጢውን ሕመም እንዲያስረዳት ለመነችው። እሱም ደስ ብሎት አስረዳ። ከግንባር ጀርባ ያለው የአንጎል ክፍል ከኋለኛው ጋር በመረብ የተያያዘ ነው፤ የኋለኛው ያየውን እጅ እንዲይዝ ይገፋል፣ የፊተኛው «ቆይ፣ አሁን አይደለም» ይላል። ሰው ዕቅድ አውጥቶ፣ ታግሶ፣ አንዱን ትቶ ሌላውን የሚመርጠው በዚህ መረብ ነው። አናጢው ላይ የተጎዳው «ቆይ» የሚለው ነው።

«እንግዲያው ማኅተም ቢያይ?»

«ሳያትም አያልፍም» አለ ምክትሉ።

«ጥሩ ነገር ነገሩኝ» አለች። «የጸሐፊዋን ጠረጴዛ እስካሁን ልብ ብዬ አላየሁትም። ከምሳ በኋላ ስምንት ሰዓት ላይ ገብቼ ቅጾቹን አያለሁ። ታትመው ከተገኙ ነገሩ ያለቀ ነው።»

ይህን ለሌላ ለማንም አልነገረችም። ስትወጣ በር ጠባቂውን ፖሊስ ጠርታ በሹክሹክታ አንድ ነገር አዘዘችው፤ እሱም የቢሮውን በር ትቶ ምሳ ሊበላ የሚሄድ መስሎ ወረደ።

ስምንት ሰዓት ሲሆን ሁሉም በጸሐፊዋ ክፍል ተሰበሰቡ። ነርሷ፣ ጸሐፊዋ፣ ምክትሉ፣ እህትየዋ፤ አናጢውም እንደታሰረ ከእህቱ ጎን ተቀመጠ። አለቃዋም ራሳቸው መጥተው በሩ አጠገብ ፊታቸውን አኮሳትረው ቆመዋል። ሠላሳዎቹ ቅጾች አሁን ታትመዋል፤ ማኅተሞቹ ተጣመዋል፣ ተደራርበዋል፣ አንዳንዱ ላይ ቀለም ተዝረክርኳል።

«ያው ታትመዋል» አሉ አለቃው። «ሰውየው በዚህ ማለፉ ተረጋገጠ።»

«ጠዋት አምስት ሰዓት ላይ አልታተሙም ነበር» አለች መርማሪዋ፤ ፎቶዎቹን ለአለቃዋ አሳየች። «አናጢው ያን ጊዜ ታስሮ ነበር። እንግዲህ ሁለት ነገር እናውቃለን። አንደኛ፣ አናጢው ይህን ጠረጴዛ አላለፈም። ካለፈ አትሞ ነበር፤ ማተም ከጀመረ ደግሞ ወደ ውስጥ አይገባም፣ ቀለሙ እስኪያልቅ እዚሁ ይቀር ነበር። ሁለተኛ፣ እንዳለፈ ልናምን የሚፈልግ ሰው አለ።»

«ማንም ሊያትመው ይችላል» አለ ምክትሉ። «በሩ ክፍት ነበር።»

መርማሪዋ ነርሷ የሰጠቻትን የዓምናውን ወረቀት አውጥታ ከታተሙት ቅጾች ጎን አኖረች።

«ይህ የአናጢው እጅ ነው። አንድ ወረቀት ብቻ፣ ግን አንዱም ክብ አልተጣመመም። ይህኛው የሌላ ሰው እጅ ነው። ሠላሳውንም በየተራ አንስቷል፣ እያንዳንዱን ሦስት ሦስት ጊዜ አትሟል፣ ሠላሳ ሲሞላ አቁሟል። ቆጥሮ መጀመርና ቆጥሮ ማቆም የሚችል ሰው ነው። ያጣመመውም ሆን ብሎ ነው፤ አንጎሉ የተጎዳ ሰው ሥራው ሁሉ የተዝረከረከ ይመስለዋል። ይህን የሚያስብ አናጢውን በአንጎሉ ምስል እንጂ በአካል ቀርቦት አያውቅም። ነርሷ ብታደርገው ኖሮ ቀጥ አድርጋ ነበር የምታትመው።»

እህትየዋ ወረቀቱን አየችና አገጯን ቀና አደረገች። «እጁ አልጠፋም» አለች። «ሃያ ዓመት የለካበት እጅ ነው።»

«ግድያውን ደግሞ ተመልከቱት» ስትል መርማሪዋ ቀጠለች። «ጸሐፊዋ እስክትወርድ መጠበቅ፤ መዶሻ ይዞ በጠረጴዛው አጠገብ ማለፍና ማኅተሙን አለመንካት፤ አንድ ጊዜ መትቶ ማቆም፤ ከዚያ ብቅ ያለች ምስማር ፊት ለፊት የተቀመጠ ሰው ፈልጎ መዶሻውን እጁ ላይ ማኖር። አናጢው አንዲት ምስማር መምታት ማቆም ያልቻለ ሰው ነው። ይህን ሁሉ የሠራው 'ቆይ' የሚለው መረብ ያልተነካበት፣ ጤነኛ አንጎል ነው። ማኅተሙን ሳያትም አያልፍም ያሉኝ እርስዎ ነዎት፣ ዶክተር። ቅጾቹን ስምንት ሰዓት ላይ እንደማያቸው የነገርኩትም ለእርስዎ ብቻ ነው።»

በር ጠባቂው ፖሊስ ወደፊት ራመድ አለ። ከደረጃው ማጠፊያ ሆኖ ሲጠብቅ ስድስት ከሃያ ላይ ወደዚህ ክፍል አንድ ሰው ብቻ መግባቱን፣ እሱም ምክትል ዶክተሩ መሆኑን ተናገረ። መርማሪዋም ምክትሉ የለበሰውን አዲስ ጋዋን እያመለከተች፣ የቀድሞው ከምድር ቤቱ የቆሻሻ ልብስ ቅርጫት ሥር፣ ደም በእጅጌው ላይ እንዳለበት መገኘቱን ነገረችው።

ምክንያቱን ያነበበችው ነርሷ ናት። የመዝገቧን ገጾች እየገለጠች በማይናወጥ ድምፅ አነበበች። አናጢው የምክትሉን የንዝረት ሕክምና ከመጀመሩ በፊት «በቃ» ሲሉት ያቆም ነበር፤ በሦስተኛው ሳምንት ማቆም ተወ፤ በስድስተኛው የእህቱን እጅ ጨብጦ መልቀቅ አቃተው። በምክትሉ ሪፖርት ግን «ተሽሎታል» ተብሎ ተመዝግቧል። የባሰባቸው ሌሎች አራት ሰዎችም ከነጭራሹ ተሰርዘዋል። ትልቁ ዶክተር ይህን አመሳክረው ጥናቱን ሊያስቆሙት ነበር።

ምክትሉ ሲናገር ጸጸት አልነበረበትም። ሕክምናው ለብዙዎች እንደሚሠራ፣ በጥቂት ሰዎች ሰበብ የዓመታት ልፋት ገደል መግባት እንደሌለበት፣ ሽማግሌው ግን ሊሰሙት እንዳልፈለጉ ተናገረ።

«ዞሮ ዞሮ እሱ ምን የሚቀርበት ነገር አለ?» አለ ወደ አናጢው እያየ። «ቢታሰርም የታሰረበትን አያውቀውም።»

እህትየዋ ተነሳች። «እኔ አውቅለታለሁ» አለች።

አለቃው ምክትሉ እንዲያዝ፣ የአናጢው ካቴና እንዲፈታ አዘዙ። መርማሪዋን ግን ወደ ጥግ ስበው፣ የጥናቱን ጉዳይ ሪፖርቱ ውስጥ እንዳታስገባው፣ የማዕከሉ ስም እንደሚጎድፍ መከሯት። እሷ የአምስቱን ሰዎች መዝገብ በደረቷ አቅፋ፣ ሪፖርቱ ከመጀመሪያ ገጹ ጀምሮ በእነሱ እንደሚከፈት ነገረቻቸው። ካልወደዱት መልቀቂያዋን አብራ ታያይዝላቸዋለች።

ወሬው ከሕንጻው ወጥቶ ስለነበር ዋናው በር ላይ ሰው ተሰብስቧል፤ ገዳዩን እብድ ለማየት ነው የመጡት። ፖሊሱ አናጢውና እህቱ በጓሮ በኩል ቢወጡ እንደሚሻል ነገራቸው።

«በጓሮ የሚወጣ ያጠፋ ሰው ነው» አለች እህትየዋ፤ የወንድሟን ክንድ ይዛ በዋናው ደረጃ ወረደች።

በሩ ሲከፈት ከፊት ያሉት ወደ ኋላ ሸሸት አሉ። አናጢው ግን ሰው አይቶ ሰላም ሳይል ማለፍ አይችልም። እጁን ለመጀመሪያው ዘረጋ፤ ሰውየው አመንትቶ ጨበጠው። ለሁለተኛዋ ዘረጋ። ለሦስተኛው። ከዳር እስከ ዳር አንድም ሰው ሳይዘል፣ «እንደምን ዋላችሁ» እያለ፣ እያንዳንዱን ዓይን ዓይኑን እያየ ጨበጠ። ሌላ ቀን ቢሆን እህቱ «በቃ ወንድሜ፣ እንሂድ» ትለው ነበር። ዛሬ አላለችም፤ ከጎኑ ቀጥ ብላ ቆማ፣ ሁሉም እጁን እስኪሰጠው ድረስ ጠበቀች።