በቀትር እንቅልፍ የጠፋው ጭብጨባ

ቢሮ ውስጥ ኬክ ቆርሰው ነበር አሉ። አለቃቸው ኢንጂነር ቡስቶስ ንግግር አደረገ፣ የሚመሰገነው ተመሰገነ። የእኔን ስም ያነሳ አንድ ሰው የለም። «ዶኛ ኤደልሚራ ምን ታውቃለች» ብለው ነው፤ ዶኛ በእኛ አገር እሜቴ እንደማለት ነው። አዎ፣ የትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጥኩም፤ ፊደል የቆጠርኩት ከዱቄት ከረጢት ላይ ነው። ያ የሚሠሩት ማሽን ለምን ተኝቶ እንደሚቀር ያሳየሁት ግን እኔ ነኝ። ስለዚህ ታሪኩንም እኔው እጽፈዋለሁ።

ማሪሴል ከሩቅ፣ ከሳልታ ከተማ መጥታ እዚህ ኮርዶባ ከተማ የጓሮ ክፍሌን የተከራየች ልጅ ናት። «ሥራሽ ምንድን ነው?» ብላት «መረበሽ» አለችኝ። እውነቷን ነው። ኮምፒውተር ውስጥ ሌላ ኮምፒውተር አስመስለው በሶፍትዌር ይሠራሉ፣ ቨርቹዋል ማሽን ይሉታል። ሥራ ይዞ ሳለ ይጠሩታል፤ ጥሪውን «ማቋረጫ» ይሉታል። የያዘውን አስቀምጦ አቤት ማለት፣ የታዘዘውን መፈጸም፣ ከዚያ ካቆመበት መቀጠል አለበት። ማሪሴል ቀኑን ሙሉ እየጠራችው አቤት ማለቱን ትፈትናለች። አቤት የሚልበትን ትእዛዝ የጻፈለት ደግሞ የሥራ ባልደረባዋ ሊሳንድሮ ነው።

ሊሳንድሮ መጀመሪያ የመጣው ማሪሴል ቢሮ የረሳችውን ቁልፍ ይዞ ነው። በእኛ ሰፈር ደወል የለም፣ በር ላይ ቆሞ ማጨብጨብ ነው። ሰፈሩ ሁሉ በሚተኛበት በቀትር እንቅልፍ ሰዓት ግን አሳዳጊ ከበደለው በቀር የሚያጨበጭብ የለም። እሱ አጨበጨበ።

«እናት የለህም አንተ?» አልኩት በመስኮት።

«አለችኝ ዶኛ። እሷም አሁን ተኝታለች።»

ማሪሴል ሳቋ አምልጧት ወጣች። ቁልፉን ልትቀበል እጇን ዘረጋች፣ ዓይኑን አየች፣ ቁልፉንም እጇንም እዚያው ረሳቻቸው። ከዚያ ወዲህ በየአመሻሹ ከጓሮዬ የወይን ተክል ሥር ተቀምጠው ማቴ የምንለውን የቅጠል ሻይ ከአንድ ቀሰም ይቀባበሉ ጀመር።

ከዚያ ማሪሴል ጉድለት አገኘች። ከመቶ ሺህ ጥሪ አንዴ ማሽኑ ይተኛና አይነሳም።

«ሥራ ሲያጣ የሚጠራኝ አለ ወይ ብሎ ያያል፤ ከሌለ ይተኛል» አለችው። «ካየ በኋላ፣ ሳይተኛ በፊት ቢጠራስ? ጥሪው ጠፋ፣ እሱም ተኛ።»

«የዓይን ጥቅሻ እኮ አትሞላም ያቺ ክፍተት! ፈተናሽ ነው የተበላሸው።»

«የተበላሸውስ አንተ የጻፍከው ነው።»

ማቴው በመሃላቸው ቀዘቀዘ። ሊሳንድሮ ፈተናው ስህተት ነው ብሎ ፈረመ። ቡስቶስም «እስከ ዓርብ ጉድለቱን ፊቴ አሳዪኝ፣ ወይ ሪፖርቱን ሰርዢ። እምቢ ካልሽ ውልሽ አይታደስም» አላት።

«አልሰርዝም!» አለችኝ ዓይኗ ቀልቶ። «ባዶ እጄን ሳልታ እገባለሁ እንጂ ያየሁትን አላየሁም አልልም። እሱም ደጄን እንዳይረግጥ!»

ሐሙስ ቀትር ላይ ፀሐዩ እንደ እቶን ነበር። እንደ ልማዴ በሩ ድረስ ወጥቼ አየሁ፤ ውሻ እንኳ የለም። ገባሁ፣ ማራገቢያዬን ከፈትኩ፣ ተጋደምኩ። ስነሳ ሊሳንድሮ እንደ በርበሬ ቀልቶ በሩ ላይ ቆሟል።

«ማሪሴል ሥራ ናት። አንተ መቼ መጣህ?»

«አንድ ሰዓት አልፎኛል። እርስዎ እንዲያማልዱኝ ብዬ ነው። አጨብጭቤ ነበር እኮ ዶኛ!»

«ውሸታም። ሳልተኛ አይቻለሁ፣ ማንም አልነበረም።»

«ጀርባዎን ሲያዞሩ ከጥጉ ብቅ አልኩ። ሳጨበጭብ ማራገቢያው ጮኸ።»

«ለምን አልደገምክም?»

«አንዴ ይበቃል ብዬ።»

«አይ አንተ! ካየሁ በኋላ፣ ሳልተኛ በፊት! ያቺ ልጅ ምን ነበር ያለችህ? አትሞላም ያልካት ክፍተት ውስጥ ይኸው አንድ ሰዓት ሙሉ ተጠበስክ!»

ላቡ ከአገጩ ይንጠባጠባል። እኔን አየ፣ በሩን አየ፣ ከዚያ የተዘጋ መስኮቷ ላይ ዓይኑ ቀረ።

«እኔ አልጋዬን ወደ መስኮቱ እስባለሁ፤ ከነገ ጀምሮ ተጋድሜ ነው በሩን የማየው» አልኩት። «አንተ የራስህን እወቅ።»

ማሪሴል ስትመጣ ነገርኳት። «ማሽኑን እዚያችው ክፍተት ላይ ማስቆም ነው!» ብላ የእራት ሳህኗን ገፍታ ተነሳች።

ዓርብ ቡስቶስ ፊት ማሽኑን ልክ አይቶ ሲጨርስ አስቆመችው፣ ጥሪውን ላከች፣ ለቀቀችው። ተኛ። ደገመችው፤ ተኛ። ቡስቶስ «ፈተናው ስህተት ነው ተብሎ ተፈርሟል» ሲል ሊሳንድሮ ብድግ አለ።

«የፈረምኩት እኔ ነኝ፣ የተሳሳትኩትም እኔ ነኝ። የማይታደስ ውል ካለ የእኔ ይሁን!»

የሁለቱም ውል ታደሰ። እሷ ግን አላናገረችውም።

ቅዳሜ፣ ሰፈሩ ሁሉ በተኛበት ቀትር፣ አጨበጨበ። ደገመ። ሠለሰ። ጎረቤቴ በመስኮት «ማነህ አንተ ባለጌ!» ብሎ ጮኸበት።

«ሊሳንድሮ ነኝ! ተሳስቼ ነበር!»

«ታዲያ እኔ ምን አገባኝ!»

እኔ አልጋዬ ላይ ሆኜ አየዋለሁ፤ አልተነሳሁም፣ የተጠራሁት እኔ አይደለሁማ። ማሪሴል በባዶ እግሯ ወጣች።

«ከመጀመሪያው ጀምሮ ሰምቼሃለሁ።»

«ታዲያ ምነው?»

«ስንት ጊዜ እንደምትደግም እየፈተንኩህ ነበር።»

መዳፉ ቀልቶ ነበር። ያዘችለት። ከዚያ በኋላ ያወሩትን አልሰማሁም፤ ያወሩም አይመስለኝም።

ኬኩ የተቆረሰው ከወር በኋላ ነው፣ ማሽኑ ሲስተካከል። ትናንት ቁራሹን በሶፍት ጠቅልለው አመጡልኝ፣ የሠርጋቸውንም ቀን ነገሩኝ። በእናት ቦታ ይቁሙልን አሉ። ኬኩን ወደ ሊሳንድሮ መልሼ ገፋሁት።

«ፈተና ሁሉ ስም ይወጣለታል ብላችሁኛል። ማሪሴል ዓርብ ያሳየችውን ፈተና ኤደልሚራ ኪሮጋ በለው፣ ከነአባቴ ስም። ቡስቶስ ማናት ካለህ እንቅልፏን ያቋረጥንባት ሴት ናት በለው። ሰኞ ጽፈህ አምጣና አሳየኝ፤ ማንበብ እችላለሁ። ያን ጊዜ እቆምላችኋለሁ።»