ከመርዶው በፊት ዘጠኝ መድረክ

የምስክር እናት ማረፋቸውን ከእሱ በፊት የሰማሁት እኔ ነኝ። ነሐሴ ሦስት ቀን፣ ሆላንድ ውስጥ፣ ከአንድ ነዳጅ ማደያ ጀርባ ቆሜ።

ስድስት ሆነን ነው የምንዞረው። ባንዱን የሚመራው ጋሽ አፈወርቅ ነው፤ ክራር ይጫወታል። ምስክር ማሲንቆ ይመታል። እኔ እዘፍናለሁ፣ ሲያስፈልግም እጨፍራለሁ። ክረምት በገባ ቁጥር አውሮፓ ሄደን በአንዲት ነጭ ቫን ከከተማ ከተማ እንንከራተታለን። ሰው «ውጭ አገር ነበራችሁ» ሲለን ይቀናብናል። እኛ ግን የምናውቀው መንገዱን ነው። ቀኑን ሙሉ ቫን ውስጥ ተጣጥፈን እንውላለን፤ መጸዳጃ ቤት ውስጥ የሐበሻ ቀሚስ እንለብሳለን፤ የፍልሰታ ጾም ሲገባ ዳቦና የተጠበሰ ድንች እየበላን እንሰነብታለን። ዝናብ ሲሆን የማሲንቆው ቆዳ ይረግባል። ያኔ ምስክር ከሆቴል የፀጉር ማድረቂያ ተውሶ፣ ታጥቦ የወጣ ሕፃን እንደያዘ ሰው ማሲንቆውን ጭኑ ላይ አድርጎ ያደርቀዋል።

የተዋወቅነው አዲስ አበባ፣ ልምምድ ቤት ነው። ለፈተና ዘፍኜ ስጨርስ ከጥግ አንድ ቀጭን ልጅ፣

«ከየት ነሽ?» አለኝ።

«ከቀየት።»

«እኔ የራቤል ልጅ ነኝ። ጎረቤት ነና!» ብሎ ሳቀ።

ሁለቱም ከደብረ ብርሃን ወዲያ ያሉ የደጋ አገሮች ናቸው እንጂ፣ ከራቤል ቀየት ጉርብትና አይደለም። ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ቫን ውስጥ አጠገቡ ያለው ቦታ የእኔ ሆነ። ሁለት ዓመት ሙሉ ማንም እዚያ ተቀምጦ አያውቅም። ስለ ፍቅር አንድ ቃል አልተነጋገርንም። ስድስት ሰው በአንድ መኪና እየኖረ ምን ይነጋገራል? እንቅልፍ ሲወስደኝ ጋቢውን ያለብሰኝ ነበር። ስነቃ ደግሞ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዙሮ አገኘዋለሁ።

እና ነሐሴ ሦስት፣ ነዳጅ ማደያው ጋ ስልኬ ጮኸ። ቁጥሩን አላውቀውም።

«ማዕረግ ነሽ?»

«አዎ፣ ማን ልበል?»

«ትዕዛዙ ነኝ፣ የምስክር ታላቅ ወንድም። አጠገብሽ አለ እንዴ?»

«ቡና ሊገዛ ገባ። ልጥራልዎ?»

«አይ! እንዳትጠሪው!»

ከዚያ ዝም አለ። በእኛ አገር ያደገ ሰው እንዲህ ያለውን ዝምታ ያውቀዋል። አጥሩን ያዝኩ።

«እናታችን ትናንት አረፈች» አለ። «ቀበርናት። እሱ እንደሁ ቢሮጥም አይደርስም። እንዳትነግሪው፣ እኅቴ። በሰው አገር ማን ይይዘዋል? ማን አብሮት ያለቅሳል? ሥራውን ጨርሶ ይምጣና በወገኑ መካከል ይስማ። ከደወለ ራቤል ኔትወርክ የለም እንለዋለን። አንቺም እንደዚያው በይ።»

«ጋሼ ትዕዛዙ፣ እኔ እንዴት አድርጌ…»

«በእመቤታችን! ይኸው በጾሟ ለምኜሻለሁ።»

ቃል ገባሁ። እምቢ የሚል አንደበት ከየት ላምጣ?

ምስክር ቡናውን በሁለት እጁ ይዞ ብቅ አለ። «ማን ነው?»

«ከቤት።»

«ደህና ናቸው?»

«ደህና ናቸው» አልኩት። የመጀመሪያው ውሸቴ ይህ ነበር። የቀሩን መድረኮች ዘጠኝ ነበሩ።

በማግስቱ ለጋሽ አፈወርቅ ነገርኩት። ትዕዛዙ ለእሱም ደውሎለት ኖሯል።

«እንንገረው» አልኩት። «አላስችል አለኝ።»

«ነግረነው ምን ሊያደርግ? ፓስፖርታችን ለመጨረሻው አገር ቪዛ ኤምባሲ ገብቷል። መቼ እንደሚወጣ አይታወቅም። ብትነግሪው እንደታሰረ ሰው ነው የሚሆነው።» አንገቱን ደፋ። «እኔ የአባቴን ሞት የሰማሁት በስልክ ነው፣ ስዊድን ውስጥ። የማቅፈው ሰው አጥቼ ግድግዳ አቀፍኩ። ለምስክር እንዲህ ያለውን አልመኝለትም።»



ምስክር እናቱን፣ እማማ ጥሩሸዋን፣ አብዝቶ የሚወድ ልጅ ነው። መድረክ ላይ ማሲንቆውን ሲያሞቅ ሁልጊዜ ለእናቱ የሚላት ስንኝ ነበረችው፤

«ደጅ ላይ ቁጭ ብላ ታያለች ዳገቱን፣
ንገሩልኝ ለናቴ ልጇ መምጣቱን።»

ስንኟን ተቀብዬ የምደግመው እኔ ነኝ። ብራስልስ ላይ ልደግም አፌን ስከፍት ድምፅ እምቢ አለኝ። ሦስት ሺህ ሰው ፊት ነው። መላ ሲጠፋኝ ወገቤን ይዤ እስክስታ ወረድኩ። ፈረንጆቹ በደስታ ጮኹ። ምስክርም የማሾፍ መስሎት ማሲንቆውን ወደ እኔ አዙሮ እየሳቀ ያፋጥነው ጀመር። እሱ ሲስቅ እኔ ትከሻዬን እየሰበቅሁ አለቅስ ነበር። ላቤ እንባዬን ሸፈነልኝ።

ኮሎኝ ላይ መድኃኒት ቤት ይዞኝ ገባ።

«እማዬን ጉልበቷን ያማታል። ይኼ የሚጠለቀው ማሰሪያ አለ አይደል?»

ሻጯ ቁጥር ጠየቀችው። ምስክር ግራ ገብቶት በሁለት እጁ አየሩን እንደ ጉልበት አቀፈ። «ቀጭን ናት» አለኝ። «ንገሪያት እስቲ፣ አንቺ እንግሊዝኛ ይሻልሻል። ቀጭን ናት በያት።»

«ቀጭን ናቸው» አልኳት ለሻጯ፣ በአማርኛ። ከዚያ በእንግሊዝኛ ደገምኩት። በነጋታው ባቡር ጣቢያ አጠገብ ለእናቱ በደወለ ጊዜ፣ ስልኩ ሳይጠራ ሲቀር፣ «ይኼ የራቤል ኔትወርክ!» ብሎ ሳቀ። እኔም አብሬው ሳቅሁ። ያን ሳቄን እስከ ዛሬ እጠላዋለሁ።

አምስተኛው መድረክ ወንዝ ዳር ያለች ትንሽ ከተማ ነበር። የእኛ ክረምት በዚያ አገር በጋ ነው፤ ምሽት ሁለት ሰዓት አልፎም ፀሐይ አልጠለቀችም። ተራችን እስኪደርስ ከመድረኩ ጀርባ ሣር ላይ ተቀምጠን ነበር። ምስክር የማሲንቆውን ጭራ ያጠብቃል፣ ያላላል፣ መልሶ ያጠብቃል።

«ማዕረግ።»

«አቤት።»

«አገር ስንገባ አባትሽ ዘንድ ሽማግሌ ልልክ ነው። አስቀድሜ ካንቺ ልስማ ብዬ ነው።»

ይቺን ቃል ሁለት ዓመት ጠብቄአታለሁ። ስትመጣ እንዴት እንደምመልስላት፣ ምን ያህል እንደማፍር፣ የት እንደማይ ሁሉ አስቤበት ነበር።

«እማዬ ብቻ ትመርቀን» አለ። «ሌላ ምንም አልፈልግ።»

እሺ ልበል? የሞቱ እናቱን ምርቃት የሚጠብቅን ሰው፣ ሞታቸውን በሆዴ ይዤ፣ እሺ ልበለው? የተቀመጥኩበትን ሣር መንጨት ጀመርኩ።

«ዝም አልሽ።»

«ምስክር፣ አገር ስንገባ ጠይቀኝ።»

«ለምን? እዚያ የሚለወጥ ምን አለ?»

«እባክህ።»

«ሌላ ሰው አለሽ?»

«የለም። እግዜር ያውቃል፣ የለም።»

አየኝ። ዓይኔ ውስጥ አንድ ነገር እንዳለ አየ፤ ምንነቱን ግን ሳተው። ተነሥቶ ሱሪውን ካራገፈ በኋላ፣ «ገባኝ» አለ። ምንም አልገባውም ነበር።

ከዚያ ወዲያ ቫን ውስጥ የኋላ ወንበር ላይ ብቻውን መቀመጥ ጀመረ። አጠገቤ ያለው ቦታ ባዶውን ቀረ። አራት መድረክ፣ አሥራ አንድ ቀን። መድረክ ላይ ማሲንቆው ይጠራኛል፣ እኔም እመልሳለሁ፤ ስንወርድ «ደህና አመሸሽ» እንኳ የለም። እውነቱን ብነግረው እናቱን ላሳጣው ነው። ዝም ብል ደግሞ እኔ ላጣው ነው። አንድ ቀን ነዳጅ ልንቀዳ ስንቆም ተከትዬው ወርጄ፣ «ምስክር…» አልኩት። ዞረ። «ምን?» አለኝ፤ ተስፋ ፊቱ ላይ ሲመጣ አየሁት። ያን ፊት በመርዶ ልመታው አልቻልኩም።

«ጋቢህን ረስተሃል» አልኩት።

ነሐሴ ሃያ ስድስት ቦሌ ስንወርድ ትዕዛዙ ከሁለት ሽማግሌዎች ጋር ይጠብቅ ነበር። ለእኔ በዓይኑ ብቻ ሰላምታ ሰጠኝ። ምስክር የወንድሙን ጢም አይቶ፣ «ምነው ሸመገልክ?» ብሎ ቀለደበት። ጋሽ አፈወርቅና እኔ አብረን ደብረ ብርሃን፣ አክስቱ ቤት ድረስ ሄድን። አዳሩን እንደ ደንቡ እንዲያርፍ ተደረገ። ማለዳ ወፍ ሲንጫጫ ጎረቤቱ፣ ዘመዱና ቄሱ፣ ጠረጴዛና ወንበሩ የወጣለትን ቤት ሞሉት። ምስክር ከመኝታ ክፍል ወጥቶ ሰውን ሁሉ ባየ ጊዜ ማንም ሳይነግረው፣ «እማዬን!» አለ።

ስድስት ሰው ያዘው። ጋሽ አፈወርቅ እንዳለው ነው፤ የሚያቅፉት እጆች ሞልተው ነበር። እኔ በሴቶቹ መካከል ቆሜ አለቀስኩ። ረፋድ ላይ፣ ድምፁ ሲደክም፣ ቀና ብሎ አየኝ። ለረጅም ጊዜ አየኝ። ከዚያ በእጁ ጠራኝ።

«አንቺ አልደነገጥሽም» አለ።

አንገቴን ደፋሁ።

«መቼ ሰማሽ?»

«ነሐሴ ሦስት።»

በጣቱ ቆጠረ። «ዘጠኝ መድረክ» አለ። «ዘጠኝ ጊዜ ንገሩልኝ ለናቴ ብዬ ዘፈንኩ። አንቺም ተቀበልሽኝ።»

ትዕዛዙ ጣልቃ ገባ። «እኔ ነኝ ያስማልኳት! ጥፋቱ የእኔ ነው።»

ምስክር ግን ከእኔ ላይ ዓይኑን አላነሣም።

የአርባው ዕለት ከአባቴ ጋር ራቤል ሄድኩ። ዝናቡ ገና አላባራም፤ ሰው ሁሉ የሱፍ ባናውን ደርቦ ድንኳን ውስጥ ተጠጋግቶ ተቀምጧል። ለቀስተኛው ቀለል ሲል ምስክር ከቤቱ ጀርባ፣ ገብሱ ማሳ ዳር አገኘኝ። ከሳ ብሎ ነበር።

«ያን ቀን እሺ ያላልኩህ…» ብዬ ጀመርኩ።

«ገብቶኛል» አለኝ። «መግባቱ ግን አልጠቀመኝም። ትዕዛዙን ይቅር አልኩት። እሱ ሩቅ ነበር፣ የሰማሁት ድምፁን ብቻ ነው። አንቺ ግን ዓይን ዓይኔን እያየሽ ነበር፣ ማዕረግ።»

«ብነግርህስ ይሻል ነበር?»

«አላውቅም» አለ። «እሱ ነው የሚያናድደኝ። አላውቅም።»

ባንዱን ተወ። ራቤል ቀርቶ ከሽማግሌ አባቱ ጋር ማረስ ጀመረ። በሚቀጥለው ክረምት ሌላ ማሲንቆ መቺ ይዘን ሄድን። ጎበዝ ልጅ ነበር፤ ድምፄን በደንብ ይከተለኛል። ከየከተማው ለምስክር እደውላለሁ። ኔትወርክ ሲኖር ያነሣል።

«ደህና ነህ?»

«ደህና ነኝ። ዘነበ እዚያ?»

«ዘነበ።»

«ቆዳውን አድርቁት።»

ይኼው ነው። ስልኩን ከዘጋ በኋላ በእጄ ይዤው እቆያለሁ። ከዚህ በላይ ምን ልለው? ይቅር በለኝ እንዳልል የበደልኩት በመውደድ ነው። ተቀየምኩህ እንዳልል ያዘነው እሱ ነው።

የእማማ ጥሩሸዋ ሙት ዓመት ከጉዟችን መሀል ዋለ። ጋሽ አፈወርቅን የሁለት መድረክ ፈቃድ ለምኜ፣ ብቻዬን አገር ገባሁና ጭቃውን በአውቶቡስ አልፌ ራቤል ደረስኩ። ማንም አልጠራኝም ነበር። ከሴቶቹ ጋር ሽንኩርት ላጥኩ፣ ሳህን አጠብኩ። ምስክር ሁለት ጊዜ በአጠገቤ አለፈ። በሁለተኛው ቆመና፣

«ከዚያ ሁሉ አገር ለዚህ መጣሽ?» አለኝ።

«ለዚህ መጣሁ።»

በማግስቱ ጠዋት ሻንጣዬን ተሸክሞ አውቶቡስ መናኸሪያ አደረሰኝ። ሻንጣውን ሰቀለና እሱም አጠገቤ ተቀመጠ።

«እስከ መሐል ሜዳ ከተማ ልሸኝሽ» አለ።

ጉሙ መስታወቱን ሸፍኖታል፤ ጎማው ጭቃ ሲይዝ ትከሻችን ይጋጫል፤ እሱም አይሸሽም፣ እኔም አልሸሽም። መሐል ሜዳ ስንደርስ ረዳቱ «ወራጅ!» እያለ ጮኸ። ሰዎች ወረዱ፣ ሌሎች ተሳፈሩ። ምስክር አልተነሣም። ልጠይቀው ፈለግሁ፤ ብጠይቀው ትዝ ብሎት የሚወርድ መስሎኝ ፈራሁ።

አውቶቡሱ ሲንቀሳቀስ ረዳቱ መጥቶ ቆመበት። «አንተስ ወንድሜ፣ የት ነህ?»

«ከእሷ ጋር ነኝ» አለው። ለረዳቱ ነው የተናገረው። ወደ እኔ አላየም።

ከተጋባን ሁለት ዓመት ሆነን። ይቅር ብዬሻለሁ አላለኝም፣ እስከ ዛሬ። እኔም ጠይቄው አላውቅም።