አራተኛው ሳጥን

ሚሊሜትር የምታህል ስህተት ስለማያሳልፍ የሰፈሩ ሰው «ጋሽ ሚሊ» ይለዋል። ዕድሜውን ሙሉ በር፣ ቁም ሣጥንና አልጋ ሲሠራ የኖረ አናጢ ነው። ሚስቱ አልጋ ላይ ከዋለች ዓመት አልፏታል። ሴት ልጃቸው ከሞተች ደግሞ ሁለት ዓመት... ከእሷ የቀረላቸው ስትዘፍን የተቀዳ አንድ ካሴት ብቻ ነው። እናት ይህን ካሴት በትንሿ ሬዲዮ ስትሰማ ታለቅሳለች፤ የሚያስለቅሳት ግን ናፍቆቱ ብቻ አልነበረም። «ይሄ የእሷ ድምፅ አይደለም፤ ልጄ እንዲህ በአፍንጫዋ አትዘፍንም ነበር» ትላለች። «ሳልሞት አንድ ጊዜ በደንብ ላድምጣት!»

ከዚህ ያነሰ ምን ትለምን? አናጢው ቃል ገባላት። አንድ የቀድሞ ደንበኛው ቀጭኑንም ወፍራሙንም ድምፅ ብቻውን የሚያወጣ ጥሩ ስፒከር ሰጠው፤ ሳጥኑን ግን ራሱ መሥራት ነበረበት። እንዲህ ያለ ስፒከር ደግሞ በተገኘው ሳጥን ውስጥ አይገባም። ሳጥኑ ምን ያህል አየር መያዝ እንዳለበት፣ የአየር መውጫው ቱቦ ምን ያህል እንደሚረዝም፣ ሁሉም አብሮት በሚመጣው ወረቀት ላይ በቁጥር ተጽፏል። ስፒከሩን ከደንበኛው ቤት እንዲያመጣ የተላከው ወንድ ልጁ ነበር፤ የድምፅ ዕቃ በሚሸጥ ሱቅ ተቀጥሮ ይሠራል።

ልጁ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? ደህናውን ስፒከር ወስዶ ለሱቁ ባለቤት በስጦታ አበረከተ! የሱቅ ኃላፊ መሆን አምሮት ነዋ! ለአባቱ መልኩ የሚመሳሰል ተራ ስፒከር አንስቶ፣ የእውነተኛውን ምልክት ጀርባው ላይ ለጥፎ፣ ከእውነተኛው ወረቀት ጋር ሰጠው። የእህቱ ድምፅ ሊሰማበት መሆኑን እያወቀ... የእናቱን ልመና በጆሮው እየሰማ...

ምስኪኑ አባት ወረቀቱን አምኖ ጣውላውን ቆረጠ። ማዕዘኑን በኮላ አያያዘ፣ ውስጡን በሱፍ አለበሰ፣ ጎኖቹን በጣቱ እያንኳኳ በሚንቀጠቀጡበት ቦታ ድጋፍ አስገባ። ካሴቱን ሲከፍተው የሴት ልጁ ድምፅ ጉድጓድ ውስጥ ሆኖ እንደሚጮህ ሰው እያስተጋባ ወጣ። ያንን ሁሉ ዘመን ያልተለካ ነገር አላምንም ሲል የኖረ ሰው ልጁን መጠርጠር አልመጣለትም፤ ራሱን ጠረጠረ። «የለካሁት እኔ፣ የቆረጥኩት እኔ፤ ታዲያ ማን ይሳሳታል?» አለ። ሳጥኑን አፍርሶ ሌላ ሠራ። ሁለተኛውም ያው! ሦስተኛውም ያው! ልጅ ተብዬው በየቀኑ ከሥራ ሲመለስ አባቱ በእንጨት ብናኝ እያሳለ ሲለካና ሲቆርጥ ያያል፤ ከዚያ እራቱን ይበላል። እንዴት በጉሮሮው ወረደለት?

ሦስተኛው ሳጥን በተሞከረ ዕለት ሚስቱ እጁን ያዘችው።

«በቃህ፤ አሁን እኮ አምሯል። እሷን ነው የሰማሁት።»

በሠላሳ ዓመት ትዳራቸው ዋሽታው አታውቅም። እንዳዘነችለት ገባው፤ ማዘኗ ደግሞ ይብስ አናደደው።

«አትዋሺኝ! እጅህ ከድቶሃል አትዪኝም?»

እጁን መንጭቆ ወደ ሥራ ቤቱ ወጣና አራተኛውን ሳጥን መቁረጥ ጀመረ። የመጋዙ ጩኸት ጆሮውን ሞልቶት ስለነበር ስትጣራ አልሰማትም። ልብሱን አራግፎ ሲመለስ... አልፋለች! ፊቷን ወደ በሩ እንዳዞረች።

በተቀበረች በሳምንቱ ልጁ እውነተኛውን ስፒከር ከሱቁ ባለቤት አስመልሶ ይዞ መጥቶ አባቱ እግር ላይ ወደቀ። አንድም ሳያስቀር ተናዘዘ። አባት ስፒከሩን አንስቶ ምልክቱ የተላጠበትን ቦታ በጣቱ ዳሰሰ።

«የመጀመሪያው ሳጥን ልክ ነበር?» ሲል ጠየቀ።

«ልክ ነበር አባዬ... ይቅር በለኝ!»

«አንተስ ልጄ ነህ፤ አንድ ቀን ይቅር እልህ ይሆናል። እሷ ግን እንደጮህኩባት ነው የሞተችው። እኔስ ማንን ይቅርታ ልለምን?» አለና ተንሰቀሰቀ።

ለቅሶ የሚደርሱት ሁሉ «ምን ይደረግ፣ ዕድሏ ነው» ይሉታል። ዕድሏ? የትኛው ዕድል? ዕድል ከአንዱ ስፒከር ላይ ምልክት ልጦ ሌላው ላይ አይለጥፍም! ይህን ያደረገው ጡቷን ያጠባችው ልጅ ነው። መሞቱንስ ሁላችንም እንሞታለን፤ እሷ ግን የልጇን ድምፅ ሳትሰማ መሞት አልነበረባትም።