በአይሁዶቹ መቃብር በር ላይ ያስታጠብኳቸው ሰዎች

እኔ ጥላ አለፈ፣ ሙት ታየ የሚባል ወሬ ሰምቼ የማምን ሰው አይደለሁም፣ ቧንቧ ሠራተኛ ነኝ፣ ግድግዳችን ብቻውን ይንኳኳል ብለው የጠሩኝ የኮልፌ ቤቶች ብዙ ናቸው፣ ሁሉም ጋ ሄጄ ያገኘሁት አየር የያዘ ቧንቧ ነው። በዚያ ላይ ጴንጤ ነኝ፣ የሞተ ሰው ተመልሶ አይመጣም ብሎ ያሳደገኝ ቤት ነው። ይህን የምለው አጋንኖ ያወራል እንዳትሉኝ ነው።

አምና ክረምት ጎረቤታችን ጋሽ ይስሐቅ አረፉ። አይሁዳዊ ነበሩ፣ አባታቸው ከየመን መጥተው መርካቶ ጨርቅ ሲሸጡ የኖሩ፣ እሳቸው ግን ኮልፌ ተወልደው ኮልፌ ያረጁ፣ እድራችን ውስጥ የማንም ለቅሶ የማያመልጣቸው ሰው። የተቀበሩት ከዓለም ባንክ ኮንዶሚኒየሞች ጀርባ ባለችው ትንሽ የአይሁዶች መቃብር ነው። እንደ አባታቸው ያሉት የየመን ነጋዴዎች አዋጥተው ቦታውን ሲገዙ ከከተማ ወጣ ያለ የባሕር ዛፍና የጅብ አገር ነበር አሉ፣ ሬሳ በበቅሎ ነበር የሚሄደው፣ ዛሬ አንዱ አጥሯ ከብየዳ ቤት፣ ሌላው ከመዋዕለ ሕፃናት ጋር ተጣብቋል። የነጋዴዎቹ ልጆች ግማሹ እስራኤል፣ ግማሹ ሌላ አገር ሄዶ አለቀ፣ የቀሩት በጣት የሚቆጠሩ ናቸው።

ልጃቸው ዳዊት የትምህርት ቤት ጓደኛዬ ነው። በዋዜማው እንዲህ አለኝ፣ «አባቴ የለመነኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፣ መቃብሩ ላይ ጸሎቱን እንዳደርስለት። አስር የኛ ወንድ ካልተሟላ ደግሞ አይባልም። እኔን ጨምሮ ሰባት ነን።» አይዞህ አልኩት።

በቀብሩ ዕለት እድሩ ነቅሎ ወጣ፣ ሦስት አውቶቡስ ሙሉ ሰው። የእድሩ ዳኛ ጋሽ ደምቦባ ነገሩን ሲሰሙ፣ «ይኼ ሁሉ ሕዝብ ቆሞ ሰው ጎደለ ይባላል እንዴ? እኔን ቁጠሩኝ!» አሉ፣ ኮታቸውን እያስተካከሉ። ዳዊት እጃቸውን ሳመና፣ «እንዲያው ቢሆን ከእርስዎ በላይ ማን ነበረ፣ ግን በእምነታችን አይሆንም» አላቸው። ደግ ሰው ናቸው፣ አልተቀየሙም።

እኔ የበሩን ውሃ ነበር የያዝኩት። በነሱ ሥርዓት ከመቃብር ሲወጣ እጅ መታጠብ ግድ ነው፣ ውሃችን ደግሞ በፈረቃ ነውና ያን ቀን አልነበረችም፣ በጄሪካኖች አመጣሁ። ዳዊት፣ «ጆጉን መሬት ላይ አስቀምጠው፣ እያንዳንዱ ራሱ አንስቶ ይታጠባል፣ ከእጅ ወደ እጅ አይቀባበሉትም» ብሎኝ ነበር። እኔ ግን ሽማግሌ ራሱ ቀድቶ ሲታጠብ ቆሜ የማይ ባለጌ ነኝ እንዴ? አስታጥባለሁ አልኩ በልቤ። ስሕተቴ ይቺ ናት።

አፈር ከለበሱ በኋላ የእድሩ ሰው ወጥቶ ታጥቦ ወደ ድንኳኑ ሄደ። ዳዊትና ስድስቱ ሽማግሌዎች ውስጥ ቀሩ። ከቀኑ አስር ሰዓት ገደማ ነው፣ ደመናው ወርዷል፣ የመቃብሩ ጥዶች ስለሚጋርዷቸው አይታዩኝም። አንድ ሽማግሌ ቃል በቃል የሆነ ነገር ሲሉ ሰማሁ፣ ቀጥሎ የዳዊት ድምፅ ተሰማ፣ ከዚያ «አሜን»፣ እመኑኝ፣ የሰባት ሰው አሜን አልመሰለኝም፣ ግድግዳው አስተጋብቶ ነው ብዬ ተውኩት።

መውጣት ጀመሩ። እንደ ወጉ አንገቴን ደፍቼ ነው የማስታጥበው፣ እጅ እንጂ ፊት አላይም፣ ለአንድ ሰው አንድ ጆግ። ስድስቱ እየታጠቡ «ተባረክ» እያሉኝ ወጡ፣ በሩም ዝገት ስለበላው ለእያንዳንዳቸው ሲጥ እያለ። ሰባተኛ እጅ መጣ። አፈሰስኩ፣ «ተባረክ» የለም፣ በሩም አልጮኸም። ስምንተኛው ጥፍሩ ሥር ሰማያዊ ነበር፣ ልክ አዲስ ጨርቅ የነከረ ሰው እጅ፣ ውሃው እጁ ላይ ሲወርድ አያለሁ፣ ድንጋዩ ላይ ሲወድቅ ግን አይሰማኝም። ዘጠነኛው ላፈስለት ስል ጆጉን ከነእጄ ቀስ አድርጎ ወደ ታች ተጫነው፣ መሬት አስነካው፣ ለቀቅኩት፣ ከዚያ ራሱ አንስቶ ታጠበ። የእጁ ቅዝቃዜ እስከ ክርኔ ነው የገባው። ቀና አልኩ። ማንም የለም፣ ጆጉ ተደፍቶ ተቀምጧል።

ዳዊት ከውስጥ ብቻውን መጣ፣ እያለቀሰ።

«አባቴን ዋሸሁት» አለኝ። «ጸሎቱን የሚመሩት ሽማግሌ፣ ጋሽ ሰሎሞን፣ ዓይናቸው አያይም። በኛ ልማድ ሰው በቁጥር አይቆጠርምና አስር ቃል ያላት ጥቅስ እያሉ፣ በእያንዳንዱ ቃል የአንዳችንን ትከሻ ነኩ። ሰባት ሆነን ሳለ ጥቅሱን ጨረሱት! ‹ሞልቷል፣ በል› አሉኝ። ተሳስተዋል ማለት ነበረብኝ፣ ዝም ብዬ ጸለይኩ።»

«ስድስቱ ከወጡ በኋላ ሌላ ሰው ወጥቷል?» አልኩት።

«ማን ሊወጣ? እኔ ብቻ ነኝ የቀረሁት።»

መናገር ፈራሁ፣ ግን ያን ዓይኑን እያየሁ መዋሸትም አልቻልኩም። «ዳዊት፣ ዘጠኝ ሰው አስታጥቤያለሁ። አንተ አስረኛ ነህ።»

ጆጉን ከመሬት አንስቶ ከጄሪካኑ ቀድቶ እጁን ታጠበ፣ ደፍቶ አስቀመጠው፣ ግንባሩን በሩ ላይ አስደግፎ «ተመስገን» አለ፣ ሌላ ምንም አልጠየቀኝም። ያን ማታ ከሐዘንተኛ ሁሉ ቀለል ብሎት ያመሸው እሱ ነው።

እኔን ግን አልቀለለኝም። ለፓስተራችን ስነግረው፣ «ደክሞህ ነው፣ ጆጉን ስተህ ነው የቆጠርከው» አለኝ። ሊሆን ይችላል። ግን ለእነሱ የከፈትኩትን የመጨረሻውን ጄሪካን ለክቼዋለሁ፣ የጎደለው አስር ጆግ ነው፣ አልሳትኩም።

ትናንት ዳዊት ደወለ። ጋሽ ሰሎሞን በመጋቢት አርፈዋል፣ ከሽማግሌዎቹ አንዱ ደግሞ ውጭ አገር ልጁ ጋ ሄዷል፣ በሚቀጥለው ወር የጋሽ ይስሐቅ ሙት ዓመት ነው፣ ጸሎቱ ይደገማል፣ እሱን ጨምሮ አምስት ቀርተዋል።

«ውሃውን አንተ ትይዝልኛለህ አይደል?» አለኝ፣ ድምፁ ውስጥ ጭንቀት የሚባል ነገር የለም። «እነሱ እንደሆኑ አይቀሩም።»

እሺ አልኩት። አምስት ይጎድላሉ።