አሥረኛው ወር

ወልደሩፋኤል ቦንጋ ውስጥ በከፈተው የኮምፒውተር ማሠልጠኛ ጭንቅላቱን ተመትቶ፣ ሞቶ የተገኘው በሰኔ 2001 ነበር። በሩ ከውጭ ተቆልፏል፤ የራሱ ቁልፍ ኪሱ ውስጥ ነው። ሌላው ቁልፍ ያለው ሸሪኩ ኢሳያስ ዘንድ ነው። እሱ ግን «ያን ማታ ደካ ከተማ፣ አማቼ ቤት፣ ኮምፒውተሩ ላይ ሲስተም ስጭን አደርኩ» አለ፤ አማቹም ማለለት። ማን ቀረ? አስተማሪዋ ዮሀና። ቁልፍ አስቀርጻ ነው ተባለና ታሰረች።

ኅዳር ላይ ኮማንደር ኃይለሚካኤል ፋይሉን ኢንስፔክተር በዛወርቅ ፊት ወረወሩት።

«ፈርመሽ ለዐቃቤ ሕግ ላኪው።»

«ያላመንኩበትን አልፈርምም፣ ጌታዬ።»

«ልጅቷ ናት የገደለችው አልኩሽ።»

«እንግዲያው እርስዎ ይፈርሙ።»

ወይ በዛወርቅ! አለቃ ነው ብላ ወደኋላ የምትል ሴት አይደለችም። ኮማንደሩ ተቆጡ፤ እስክሪብቶውን ግን አላነሱም።

ቀጥታ ኢሳያስ ሱቅ ሄደች። ኢሳያስ በጎን በከፈተው በዚህ ሱቅ የተሰረቀ ሶፍትዌር እየገለበጠ ይቸበችባል። ሟቹ ደግሞ ሊኑክስን፣ ማንም በነጻ የሚያባዛውን ሲስተም፣ ለጠየቀው ሁሉ ያድል ነበር።

«ያን ማታ የጫኑትን እስቲ ያሳዩኝ።»

የሊኑክስ ሲዲ አቀበላት። ላዩ ላይ 9.10 ይላል።

«ዘጠኙ የፈረንጅ ዓመቱ፣ 2009፤ አሥሩ ወሩ ነው» አላት። «አሥረኛው ወር ሰኔ አይደል? ትኩስ እንደወጣ ጫንኩት።»

በማግስቱ ኮማንደሩን፣ ኢሳያስንና የሟችን ሚስት ትርንጎን ማሠልጠኛው ሰበሰበች። ዮሀናም በፖሊስ ታጅባ፣ በካቴና ቀረበች።

«ዮሀና፣ ይህ ሲስተም በስንት ጊዜ ይወጣል?»

«በየስድስት ወሩ። የሚያዝያው 9.04፣ የጥቅምቱ 9.10። በመሀል ሌላ የለም።»

«አሥር ሰኔ አይደለም?»

«የፈረንጅ አሥር ነው። ጥቅምት።»

ትርንጎ እንባዋን ጠረገች። «‹አዲሷ ሲዲ ጥቅምት ትደርሳለች› እንዳለ ነው የሞተብኝ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል፣ ልጄ።»

«እስኪጠራ ታስሬ ያደርኩት እኔ ነኝ፣ እትዬ።»

በዛወርቅ ወደ ኢሳያስ ዞረች። «ዓመቱን በፈረንጅ፣ ወሩን በአበሻ ቆጠሩት። ሰኔ ላይ ገና ያልወጣውን ምን አድርገው ጫኑት?»

«ሲዲው ተምታቶብኝ ነው።»

«ሲዲ ይምታታል። ‹ትኩስ እንደወጣ ጫንኩት› ያለው ግን የእርስዎ አፍ ነው። አማችዎን ዛሬ ጠዋት አስመጥቼ ይህንኑ ብነግረው በሐሰት መማሉን አመነ። ያን ማታ ደካ አልነበሩም። የሟች ቁልፍ ኪሱ ውስጥ ነው፤ በሩን ከውጭ የቆለፈው የእርስዎ ቁልፍ ነው።»

ኢሳያስ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። «በነጻ እያደለ ሱቄን ባዶ አስቀረው» አለ። «ተው ብዬ ለመንኩት። ሳቀብኝ።»

ኮማንደሩ ወደ ፖሊሱ ዞሩ። «በሉ ልጅቷን ፍቷትና በጓሮ በር ትሂድ። ሰው አይሰብሰብ።»

ዮሀና እጆቿን ወደ ደረቷ ሰበሰበች። «እዚህ አልፈታም። በገበያ መሀል ነው የነዳችሁኝ፤ በገበያ መሀል ትፈቱኛላችሁ።»

በዛወርቅ የካቴናውን ቁልፍ ከፖሊሱ ተቀብላ ኮማንደሩ መዳፍ ላይ አኖረችው።

«ይቅደሙ፣ ጌታዬ» አለችና የፊት ለፊቱን በር ከፈተችላቸው።